ከመሃል የገባ ተመልካች

የጀግናና የአስማት ፊልም ተመልካች ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የትኛው ፊልም ከየትኛው እንደሚቀጥል በቃሉ የሚያውቅ፣ ሰው ሲያወራበት ‹‹እሽሽ!›› የሚል ነው። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ ራሱም ብዙ ይጽፋል። ሁለተኛው ከመሃል የሚገባው ነው። ይህኛው ፊልም ለማየት ብሎ ቤት አይገባም፤ ቤት ሲገባ ፊልም ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ልጆች ሶፋውን ሞልተውታል፤ ዲሹ ኤምቢሲ 2 ላይ ነው፤ አንድ ጠባብ ልብስ የለበሰ ሰው ከፎቅ ላይ ይወረወራል፤ ከሥሩ ማንም የማያነበው የዐረብኛ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ተደርድሯል። ጃኬቱን እያወለቀ ‹‹ይሄ ደግሞ ማነው?›› ይላል። አስተያየቱ ከዚህች ጥያቄ ይጀምርና ፊልሙ እስኪያልቅ፣ ወይም ዜና እስኪደርስ ድረስ አያባራም።

የፊልም አዋቂዎች ይህን አስተያየት ከቁም ነገር አይጥፉትም። ቢጥፉት ግን አይከፋም ነበር። እነዚህ ፊልሞች የሚሸጡት ‹‹ለመላው ቤተሰብ›› ተብለው ነው፤ መላው ቤተሰብ ደግሞ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ሶፋ ላይ የተተከለው ብቻ አይደለም። ቡና ልትቆላ የምትነሣውም፣ ስልክ እያወራ በቴሌቪዥኑ ፊት የሚመላለሰውም፣ ሸለብ አድርጓቸው ሲነቁ ‹‹ያቺ ልጅ አገባች?›› የሚሉት አያትም ቤተሰብ ናቸው። እነሱ ከመሃል ገብተው ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ከገባቸው ፊልሙ ተሠርቷል። ካልገባቸው ማስታወቂያው ዋሽቷል።

ታሪኩ ለዚህ ተመልካች የሚደርሰው በአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ሲሆን ሥራውን የሚሠራው በግድ ስለሆነ ቃል ይቆጥባል። ክፉው ሰውዬ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ዓለም ሥርዓትና ስለ ፍትሕ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይናገራል፤ ‹‹ምን አለ?›› ሲባል ትርጉሙ ‹‹እገላችኋለሁ ነው የሚለው›› ይሆናል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሠርታ የተመለሰች አክስት ባለችበት ቤት ሁሉም ወደ እሷ ይዞራል፤ እሷ ግን ዐረብኛውን የተማረችው በጆሮዋ ነው፤ ፊደሉ ጋ አልደረሰችም። በአማርኛ ተራኪ የተተረጎመ ፊልም ሲገኝ ነገሩ ይቀላል። ተራኪው ባለታሪኮቹን ያስተዋውቃል፣ ይመክራቸዋል፣ ይቆጣቸዋል፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ቀልድም ይጨምራል፤ ቀልዱ ከፊልሙ የሚሻልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ተራኪ ከሌለ ግን ቃሉ ስለማይደርሰው ሰውዬው የሚያየው ፊትና አድራጎት ብቻ ነው። ባለታሪኮቹንም በቪዲዮ ቤት ዘመን ስማቸው ይጠራቸዋል፤ ጥሩው ‹‹አክተሩ››፣ ክፉው ‹‹ቦሱ››።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው የመደበቂያውን ጉዳይ ነው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የፈጠሩት ሱፐርማን በመጽሔት ከታተመበት ከ1938 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ መነጽር ሲያደርግ ጋዜጠኛው ክላርክ ኬንት ነው፤ ሲያወልቅ ሱፐርማን። አብራው የምትሠራው ሎይስ ሌን፣ ያውም ጋዜጠኛ ሆና፣ አታውቀውም። ከመሃል የገባው ተመልካች ይህን አይቀበልም። በሱ ሰፈር ሰው ከሩቅ በአረማመዱ ይለያል፤ ኮፍያ ደፍቶ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በጓሮ ዞሮ ቢያልፍ እንኳ ባለ ሱቁ አይስተውም፣ በተለይ ዱቤ ካለበት።

ሆኖም ሪቻርድ ዶነር በ1978 በሠራው ‹‹ሱፐርማን›› ውስጥ አንዲት ትዕይንት አለች። ክሪስቶፈር ሪቭ በክላርክነቱ ሎይስ ቤት መጥቷል፤ እሷ ወደ ጓዳ ገብታለች። ብቻውን ሲቀር መነጽሩን ያወልቃል። ትከሻው ይከፈታል፣ አንገቱ ቀና ይላል፣ ቁመት የጨመረ ይመስላል፤ ስሟን ሲጠራ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። እውነቱን ሊነግራት ነው። ከዚያ ወኔው ይከዳዋል፤ መነጽሩን መልሶ ያጠልቃል፣ ትከሻው ይሰበሰባል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ የለመድነው ዓይን አፋር ጋዜጠኛ ይመለሳል። ብልጭታ የለበት፣ ኮምፒውተር የለበት፤ አንድ ሰው ጀርባውን ማቅናትና ማጉበጥ ብቻ ነው። ስለ መነጽሩ ሲያጉረመርም የነበረው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ እሱ ለፊልም የሚሰጠው ከፍተኛው ሽልማት ዝምታ ነው። መጨረሻው ላይ ሱፐርማን የሞተችውን ሎይስን ለማስነሣት በምድር ዙሪያ እየበረረ ጊዜን ወደ ኋላ ሲመልስ ግን ሽልማቱ ይነጠቃል። ‹‹ይሄን ከቻለ ከሁለት ሰዓት በላይ ምን ያደክመናል?››

ከሱሪው በላይ የሚታጠቀው ቀይ ፓንትም ብዙ ያነጋግራል። በ2013ቱ ፊልም ላይ ቀርቶ ነበር፤ በ2025ቱ ተመልሷል። ከመሃል የገባው ተመልካች ግን መቅረቱንም መመለሱንም ልብ አላለም። ስለ ካባው የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው ብራድ በርድ በ2004 በሠራው ‹‹ዘ ኢንክሬዲብልስ›› የካርቱን ፊልም ውስጥ ለጀግኖች ልብስ የምትሠራው ኤድና ናት። አንዱ ካባው በሚሳይል ክንፍ ተይዞ፣ ሌላዋ በአውሮፕላን ሞተር ተስባ፣ ሌላው በአሳንሰር ተይዞ እንዴት እንዳለቁ በየስማቸው እየጠራች ትቆጥራለች። ባለ ካባ ሙሽራን መኪና ውስጥ ለማስገባት የታገለ ሚዜ ይህን ንግግር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ዳኝነቱ እጅግ የሚበረታው በዘመድ ጉዳይ ላይ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ጀግና ሁሉ ለማለት ይቻላል የሙት ልጅ ነው። ሱፐርማን ወላጆቹን ከነፕላኔታቸው አጥቷል። የባትማን አባትና እናት በጥይት የሚሞቱበት ትዕይንት ከፊልም ፊልም ስለሚደጋገም የእናትየው ዕንቁ መሬት ላይ ሲበተን ‹‹ይሄንንማ አይቼዋለሁ›› ይላል ተመልካቹ፤ አላየውም፣ ያየው ሌላውን ነው። የሸረሪት ሰውን ያሳደገው አጎት በ2002ም ሞቷል፣ በ2012ም ሞቷል። ምክንያቱ ለማንም ወላጅ ግልጽ ነው። አባትና እናት ቢኖሩ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ጭምብል አጥልቆ በሌሊት በመስኮት የሚወጣበት ቤት የለም።

በዚህ ረገድ የሃሪ ፖተርን ያህል ሳሎን ያመሰ ፊልም አይገኝም። በ2001 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ዓለም ስሙን ለመጥራት የሚፈራው ቮልደሞርት የሚባል ጠንቋይ አለ። ከመሃል የገባውን ሰው እሱ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው የእናት እህት ናት። ፔቱንያ የሃሪ ሟች እናት የሊሊ እህት ሆና ሳለ ልጁን ከደረጃ ሥር ባለች የዕቃ ማስቀመጫ ታስተኛዋለች፤ ቁርስ ታሠራዋለች። የራሷ ልጅ ደድሊ በልደቱ ቀን የስጦታዎቹ ቁጥር 36 መሆኑን ሲሰማ አምና 37 ነበሩ ብሎ ይጮኻል። በዚህች ደቂቃ ሳሎኑ ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ጠንቋዩን ይረሳል።

‹‹የእናቱ እህት ናት እኮ! የአባት ዘመድ እንኳ ቢሆን...››

‹‹እህቷ ከመቃብር ቀና ብላ ብታያት!››

‹‹ባልየው ነው እንዲህ ያደረጋት፤ እሷስ ባልከፋች ነበር›› የምትል ጠበቃም አትጠፋም። ክርክሩ ይሰፋል፤ እያንዳንዱ ሰው በዘመዶቹ መካከል የሚያውቃትን አንዲት ፔቱንያ ስሟን ሳይጠራ ያነሣል፣ ሌላውም ስሟን ሳይጠይቅ ያውቃታል። ልጆቹ ድምፅ ይጨምራሉ፤ ትልልቆቹም ይጨምራሉ።

ሽማግሌው አስማተኛ ዳምብልዶርም አይተርፍም። ሕፃኑን ውድቅት ላይ ከደብዳቤ ጋር ደጃፍ ላይ አስቀምጦ መሄዱ ከቮልደሞርት ጥፋት በላይ ሆኖ ይታያል፦ ‹‹ያን የሚያህል ጢም ይዞ በር ማንኳኳት አቃተው?›› ግዙፉ ሐግሪድ ደድሊ ላይ የአሳማ ጅራት ሲያበቅል ልጆቹ ይፈነድቃሉ። ትልልቆቹ ቅጣቱን በመርህ ደረጃ ይደግፋሉ፤ ሆኖም የተቀጣው ሌላ ሰው ነው፤ ጅራቱ የሚገባው ለእናትየው ነበር። ቀጥሎ ሃሪ ባንክ ገብቶ ወላጆቹ የተዉለትን የወርቅ ክምር ሲያይ ‹‹ይሄን ብትሰማ ኖሮ የራሷን አልጋ ትለቅለት ነበር›› ይባላል፤ የዚያን ዕለት ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ቤት፣ የሚበር መጥረጊያና ባለ ሦስት ራስ ውሻ ለልጆቹ ይለቀቃል። ፊልሞቹ እስከ 2011 ድረስ 8 ደርሰዋል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ተራ ስለማይጠብቅ ትናንት ጎልማሳ የነበረው ልጅ ዛሬ ሕፃን ሆኖ ይመጣል። ‹‹ታናሽ ወንድሙ ነው?›› የሚለው ጥያቄ ከስንፍና ሊቆጠር አይገባም።

በ2005 የወጣው የናርኒያ ፊልም ሲታይ ሳሎኑን የሚመሩት አያት ናቸው። በጀርመን የአየር ድብደባ ምክንያት ከለንደን ወደ ገጠር የተላኩ 4 ወንድማማችና እኅትማማች በቁም ሳጥን በኩል አልፈው በረዶ የወረሰው አገር ይገባሉ። ኤድመንድ የሚባለው ልጅ በጣፋጭ ተታልሎ የራሱን ሰዎች ለነጭዋ ጠንቋይ አሳልፎ ይሰጣል፤ በእሱ ፈንታ የሚሞተው አስላን የተባለው አንበሳ ነው። አንበሳው ታስሮ፣ ጎፈሩ ተሸልቶ፣ ተዘብቶበት ሲወጋና ጎሕ ሲቀድ ሲነሣ አያት አስተርጓሚ አይጠሩም፤ ያማትባሉ። ‹‹ይሄማ የጌታችን ነው›› ይላሉ። ልጆቹ ‹‹ኧረ እማማ፣ ፊልም ነው›› ብለው ይስቃሉ። ልክ የሆኑት እማማ ናቸው፤ ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ስመ ጥር የክርስትና ጸሐፊ ነበር፤ አንበሳውንም የፈጠረው አስቦበት ነው። በዘውዱ ዘመን ‹‹ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ›› ሲባል እየሰሙ ላደጉ ሰው ደግሞ ምሳሌው የሰፈር ነገር ነው።

ከመሃል የገባው ሰው በዚህ ፊልም ላይ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ልጆቹ ናርኒያ ውስጥ ነግሠው፣ ጎልምሰው፣ ጢም አውጥተው ከቆዩ በኋላ በቁም ሳጥኑ ሲመለሱ እንደ ቀድሟቸው ልጆች ይሆናሉ። ዘውድ ጭኖ ጦር የመራ ሰው ነገ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ውጪ ለመውጣት ፈቃድ ይጠይቃል? ፊልም ሠሪዎቹም ጥያቄው ሳይከነክናቸው አልቀረም። በ2008ቱ ተከታይ ፊልም መጀመሪያ ላይ ታላቅየው ፒተር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቡጢ ይሰነዝራል፤ ምክንያቱም እንደ ልጅ መቆጠር መሮታል።

ቦሱን በተመለከተ ተመልካቹ ሁለት ሚዛን አለው። ዓለምን ልግዛ የሚለውን ይንቀዋል፤ ገዝቶ ምን ሊያደርጋት እንደሆነ አንድም ቦስ አስረድቶት አያውቅም። ዕዳ ያለበትን ቦስ ግን ይወዳል። በ2017ቱ ‹‹ስፓይደር ማን፦ ሆምካሚንግ›› ውስጥ ኤድሪያን ቱምዝ የሚባል ሰው አለ። በ2012ቱ ፊልም አቬንጀርስ የተባሉት ጀግኖች ኒው ዮርክን ካፈራረሷት በኋላ ፍርስራሹን ለማንሣት ከከተማው ጋር ውል ገብቷል፣ ሠራተኛ ቀጥሯል፣ መኪና ገዝቷል። ሥራው ተጀምሮ ሳለ ከበላይ የመጡ ሰዎች ውሉ ፈርሷል፣ ከእንግዲህ የሚያነሣው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው ይሉታል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ያለው ደግሞ ከአፍራሾቹ አንዱ የሆነው ቱጃሩ ቶኒ ስታርክ ነው። ሳሎኑ ውስጥ በጨረታ የተቃጠለ አንድ ሰው ካለ አለቀ። ‹‹አፍርሰው ደግሞ ማንሻውንም ራሳቸው ወሰዱት?›› ሰውዬው ቀጥሎ የጦር መሣሪያ መነገዱን ማንም አያጸድቅለትም፤ ውሉን ግን ሁሉም ይፈርድለታል።

እዚያው ፊልም ውስጥ ያለችው የመኪና ጉዞ ለዚህ ተመልካች ከውጊያዎቹ ሁሉ ትበልጣለች። ፒተር የተባለው ወጣት ጀግና አንዲት ልጅ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ዳንስ ሊሄድ ቤቷ ይመጣል፤ በሩን የሚከፍተው አባት ቱምዝ ነው። ያደርሳቸዋል። ልጅቷ ስለ ፒተር ታወራለች፤ እንዴት ሁልጊዜ ድንገት እንደሚጠፋ፣ የት የት እንደነበረ። አባትየው በመስታወቱ ያየዋል። የትራፊክ መብራት ያስቆማቸዋል። ልጁ ማን እንደሆነ ሲገባው መብራቱ ይለወጥና አረንጓዴው ፊቱ ላይ ያርፋል። ቡጢ የለም፣ ፍንዳታ የለም፤ የሴት ልጁን ወዳጅ መኪና ውስጥ ያስቀመጠ አባት አለ። ሴት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ አንዱ ‹‹ይሄ ሰውዬ ድሮ ባትማን አልነበረም?›› ይላል። ነበር፤ ማይክል ኪተን ነው፣ በ1989።

‹‹ብላክ ፓንተር›› በ2018 ሲመጣ ነገሩ የአገር ጉዳይ ሆነ። ዋካንዳ በምሥራቅ አፍሪካ ያለች፣ ቅኝ ያልተገዛች የፈጠራ አገር ናት፤ ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ቀሪውን ፊልም የሚያየው በባለ መብትነት ነው። ከዋካንዳ ሽማግሌዎች አንዱ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ፣ ከንፈሩ ላይ የሙርሲና የሱሪ ሰዎች የሚያደርጉትን የመሰለ ሳህን አድርጎ ጉባኤ ሲቀመጥ ይህ መብት በማስረጃ ይጸናል። ፊልሙ ሦስት ኦስካር ወስዷል፤ አንደኛው በልብሱ ነው፣ የሚገባው ነበር። ተቃውሞውም ከባለ መብት የሚጠበቅ ነው። በራሪ መርከብ የሠራ፣ አገሩን ሙሉ ከዓለም ዓይን የሰወረ ሕዝብ ንጉሡን የሚመርጠው ፏፏቴ ላይ በትግል ነው? ከውጭ የመጣ አንድ ጉልበተኛ ገዢውን ሲጥለው ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተላልፎ ተሰጠ። ታሪክ የሚያውቀው አጎት የአገሩን መፍትሔ ያስታውሳል፤ የነገሥታቱ ልጆች በአምባ ግሼን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወህኒ አምባ ተዘግተው ይቀመጡ ነበር። ይህም ቢሆን ለታሳሪዎቹ የማይመች መፍትሔ ነው፤ ግን ቢያንስ ውኃ ውስጥ አያስገባም።

በቪዲዮ ቤት ዘመን አክተሩ አይሞትም ነበር። ይህ ሕግ የፈረሰው ታኖስ የተባለው ቦስ በ2018 ጣቱን አጩሆ የፍጥረቱን ግማሽ አመድ ሲያደርግ፣ የተመለሰው ደግሞ በ2019 በ‹‹አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም›› በታሪኩ አቆጣጠር ከአምስት ዓመት በኋላ ሁሉም ሲነሡ ነው። ከመሃል የገባው ሰው ከትንሣኤው ይልቅ ማግሥቱ ያሳስበዋል። ቤቱ ተከራይቷል፣ ባለቤቱ አግብታለች፣ ውርሱ ተከፋፍሏል፤ የዚህ ሁሉ ሙግት በየትኛው ችሎት ይታያል? ፊልሙ 181 ደቂቃ ወስዶም አይመልስም። የተመለሰችው የሸረሪት ሰው አክስት በሚቀጥለው ፊልም ላይ አንዲት ነገር ታወጋለች፦ ቤቷ ውስጥ ድንገት ብቅ ስትል ሌላ ቤተሰብ ሲኖርበት አገኘች፤ ሚስትየዋ የባሏ ውሽማ መሰለቻት፣ አሮጊቷ መንፈስ። ጥቂት ሴኮንድ የማትሞላ ወሬ ናት፤ ተመልካቹ ሙሉ ፊልም ይፈልግ የነበረው ስለ እሷ ነው።

‹‹ኤንድጌም›› በማርቬል ኩባንያ የፊልም ተከታታይ 22ኛው ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ቶኒ ስታርክ ሲሞት ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ሐይቅ ዳር ጥቁር ለብሰው የቆሙት ሁሉ ያለቅሳሉ። ከመሃል የገባው ሰው ሟቹን ሳያውቅ በጎረቤት ግፊት ለቅሶ እንደ ደረሰ እድርተኛ ፊቱን አጥቁሮ፣ ማን የማን ምን እንደሆነ ላለመጠየቅ እየተጠነቀቀ ይቀመጣል። በ2021ዱ ‹‹ኖ ዌይ ሆም›› ደግሞ ሦስት የሸረሪት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ የነሱን መገናኘት ለማጣጣም ከዚያ በፊት የነበሩትን 7 የሸረሪት ሰው ፊልሞች ማየት ያስፈልጋል። ሳሎኑ በጩኸት ሲናጋ እሱ የሚያየው ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ነው። እነዚህን ፊልሞች የሚሠሩ ኩባንያዎች ታማኙን ተመልካች ሲክሱ መላውን ቤተሰብ ከበር መልሰውታል፤ ‹‹ዘ ኢንክሬዲብልስ›› ግን ከየትኛውም ደቂቃ ቢገቡበት እራት ላይ የሚጣሉ ልጆች፣ በሥራው የተሰላቸ አባት፣ ሁሉንም ለመያዝ እጇ የሚለጠጥ እናት ይገኛሉ። የእናትየው እጅ መለጠጥ አስማት መሆኑን አያት እስካሁን አልተቀበሉም።

የቀረው የስሞቹ ዝርዝር ነው። ከ2008ቱ ‹‹አይረን ማን›› ወዲህ ማርቬል ስሞቹ ካለፉ በኋላ ትንሽ ትዕይንት መቀጠል ልማዱ ሆኗል፤ ልጆቹም እሷን ይጠብቃሉ። ከመሃል የገባው ሰው ግን ስም መውጣት ሲጀምር ሪሞቱን ያነሣል።

‹‹አባዬ፣ ገና አላለቀም!››

‹‹አልቋል፤ ስም እያወጣ ነው። ሁለት ሰዓት ሆኗል።››

በ2012ቱ ‹‹አቬንጀርስ›› መጨረሻ ላይ፣ ስሞቹ ሁሉ ካለፉ በኋላ፣ ጀግኖቹ ቀኑን ሙሉ ሲዋጉ ውለው አንድ ፍርስራሽ የሞላው ምግብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ሻዋርማ ይበላሉ። ማንም አይናገርም፤ አንዱ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሏል፣ ሌላው በእጁ አገጩን ደግፏል፣ ከኋላ አስተናጋጁ ወለል ይጠርጋል። ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው የዚያን ያህል የሚገባው ትዕይንት በጠቅላላው ተከታታይ ውስጥ የለም። እሱ በዚያ ሰዓት የውጭ ምንዛሪ ተመን እየሰማ ነው።